ዋጋ ያልተጻፈበት ጥቆማ፦ በሮያል አስኮት የሁለት ዓመት ፈረሶች ላይ እንዴት እንወራረድ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰኔ በገባ ቁጥር፣ በለንደንና በአካባቢዋ የምንኖር የፈረስ እሽቅድምድም ወዳጆች ስልካችን በጥቆማ ይጨናነቃል። አንዱ የፈረስ ስም ይልካል፤ ሌላው ያንኑ ስም ለአሥር ሰው ያስተላልፋል፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈረሶቹ መነሻው በር ሲደርሱ ግማሹ ሰው በዚያው አንድ ፈረስ ላይ ገንዘቡን አስይዞ ይገኛል። ፈረሱ በስንት ዋጋ (ማለትም ቢያሸንፍ ለአንድ ፓውንድ ስንት ፓውንድ ትርፍ ተከፍሎ) ቢያዝ እንደሚያዋጣ፣ ከስንት በታች ከወረደ ደግሞ መተው እንዳለበት አብሮ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት በዚህ ምክንያት ነው። በሮያል አስኮት በሚሮጡ የሁለት ዓመት ፈረሶች ላይ፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ጥቆማ ጥቆማ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ለአዲስ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። በበርክሺር የሚገኘው የአስኮት ሜዳ በንግሥት አን ዘመን፣ በ1711 ተመሠረተ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሮያል አስኮት የሚባለው የንጉሣውያኑ የእሽቅድምድም ሳምንት ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ከሁለት ዓመት ፈረሶች ውድድሮች ዋና ዋናዎቹ ማክሰኞ የሚካሄደው የ6 ፉርሎንግ ኮቨንትሪ፣ ረቡዕ ሴቶቹ ብቻ የሚሮጡበት የ5 ፉርሎንግ ኩዊን ሜሪ፣ ሐሙስ የ5 ፉርሎንግ ኖርፎክ፣ ዓርብ እንደገና ለሴቶች የሆነው የ6 ፉርሎንግ አልባኒ፣ ቅዳሜ ደግሞ የ7 ፉርሎንግ ቼሻም ናቸው። አንድ ፉርሎንግ 201 ሜትር ያህል ስለሆነ አጭሩ ውድድር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ደቂቃ አካባቢም ያልቃል። ሁሉም የሚሮጡት በቀጥተኛው ጎዳና ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍል ሽቅብ ነው።

እዚያ የሚሮጠው ፈረስ ገና ልጅ ነው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሮጠዋል፤ ስለዚህ ስለ እነሱ የምናውቀው ነገር በጣም ትንሽ ነው። በ2020 ኮቨንትሪን ያሸነፈው ናንዶ ፓራዶ በ150 ለ 1 ዋጋ የወጣ ሲሆን፣ በዚያ የንጉሣውያን ሳምንት ታሪክ እንዲህ ባለ ዋጋ ያሸነፈ ፈረስ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ቫሊያንት ፎርስ ኖርፎክን በዚያው በ150 ለ 1 አሸነፈ። በ2024 ራሻባር ኮቨንትሪን በ80 ለ 1 ወሰደ። በ2022 ሆሎዌይ ቦይ የተባለው ፈረስ ቼሻምን በ40 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያ ውድድሩን መሮጡ ነበር። ይህን ሰምቶ ረጅም ዋጋ ያለውን ሁሉ ማሳደድ ግን ሌላ ስሕተት ነው። ኮቨንትሪን በ1970 ያሸነፈው ሚል ሪፍ በማግስቱ ዓመት ደርቢ በተባለው የሦስት ዓመት ፈረሶች ታላቅ ውድድር ባለ ድል ሆኗል፤ በ2012 ያሸነፈው ዶውን አፕሮችም በ2013 ቱ ታውዘንድ ጊኒስ የተባለውን ሌላ ታላቅ ውድድር ጨምሯል። እውነተኛ ታላላቅ ፈረሶችም በዚሁ በር ያልፋሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ለ 1 የሚል ዋጋ፣ ፈረሱ ከስድስት ጊዜ አንዴ፣ ማለትም 16.7 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል አለው እንደ ማለት ነው። እናንተ ፈረሱን ከአራት ጊዜ አንዴ ያሸንፋል ብላችሁ ከገመታችሁት 5 ለ 1 ጥሩ ዋጋ ነው፤ 2 ለ 1 ከሆነ ግን ያው ፈረስ፣ ያው ጋላቢ፣ ያው ሜዳ ሆኖ ሳለ መጥፎ ውርርድ ይሆናል። አወራራጁ ድርጅት ደግሞ የራሱን ድርሻ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ስድስት እኩል ፈረሶች የሚሮጡበት ውድድር ቢኖርና ለእያንዳንዱ 4 ለ 1 ቢሰጥ፣ ስድስቱም 20 በመቶ ተደምረው 120 ይሆናሉ፤ ከመቶ በላይ ያለው 20 የእሱ ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ስለ ፈረሱ የምታዩት ምልክት ምንድን ነው፣ በዋጋስ እንዴት ትተረጕሙታላችሁ የሚል ነው።

የመልሶቹ ቅደም ተከተል

ክሩ ስለ ረዘመና አንዳንድ መልሶችም በአስተባባሪዎች ስለ ተሰረዙ፣ ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች የተባለውን በራሴ ቃል አጠናቅሬ እዚህ አስቀምጫለሁ።

1ኛ። የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ጀምረው በዋናው ሐሳብ እንደሚስማሙ ገለጹ፤ የልደት ቀንንም ጨመሩ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ አንድ ዓመት የሚጨመርላቸው ጃንዋሪ 1 ቀን ስለሆነ፣ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የተወለደውና በሜይ የተወለደው በወረቀት እኩል የሁለት ዓመት ይባላሉ። በጁን አጋማሽ ግን የሦስት ወር ልዩነት በአጥንትም በጡንቻም ይታያል። እሳቸው በ5 ፉርሎንግ ውድድሮች ቀድሞ የተወለደውን፣ በቼሻም ግን የልደት ቀኑን ብዙም ሳይመለከቱ የዘር ሐረጉን እንደሚያዩ አስረዱ። ቼሻም የሚፈቀደው አባቱ ወይም እናቱ ረዘም ባለ ርቀት ላሸነፉ ፈረሶች ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የሚመጣው ፈረስ ለወደፊቱ የተፈጠረ ነው። ይህ አስተያየት ክሩን በጥሩ መንገድ አስጀምሮታል ብዬ አስባለሁ።

2ኛ። ቀጥላ የጻፈችው እኅት የሒሳብ ባለሙያ መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ሰው ሁሉ ፈረሱ በስንት ርዝመት (በስንት የፈረስ ቁመት ልክ) አሸነፈ ብሎ እንደሚጠይቅ፣ እሷ ግን በስንት ሰከንድ ሮጠ ብላ እንደምትጠይቅ አብራራች። ደካሞችን በአምስት ርዝመት የረታ ፈረስ በወረቀት ላይ አስፈሪ ይመስላል፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ርቀት የሮጡ ጎልማሳ ፈረሶች ካስመዘገቡት ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙ ጊዜ ተራ ሆኖ ይገኛል። በተቃራኒው በአንገት ልዩነት ብቻ ያሸነፈ ወይም ሁለተኛ የወጣ ፈረስ ሰዓቱ ድንቅ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡ ስለማያየው ዋጋውም ከፍ ብሎ ይቆያል። ነፋሱና የመሬቱ እርጥበት ሰዓቱን ስለሚለውጡት፣ ከሌላ ቀን ሰዓት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር እንደማይገባም አስጠነቀቀች። በዚህ ክር ከተጻፈው ሁሉ ለተወራራጅ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ መልስ ይመስለኛል፤ ሁለቴ እንድታነቡት አደራ እላለሁ።

3ኛ። አንድ ወጣት 150 ለ 1 ሲባል 10 ፓውንድ ያስያዘ ሰው 1,500 ፓውንድ ያገኛል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ ያስያዛት 10 ፓውንድም ትመለስለታለች ብዬ መለስሁለት።

4ኛ። አራተኛው መላሽ አረሙኝ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ኮቨንትሪ ለወንዶች ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሴቶችም መግባት እንደሚችሉና 3 ፓውንድ የክብደት ቅናሽ እንደሚደረግላቸው አስታወሱኝ። ልክ ናቸው፤ ከላይ ያለውን አስተካክያለሁ። እግረ መንገዳቸውን፣ ባለቤቶች ጥሩ ሴት ፈረስ ካላቸው ኩዊን ሜሪን ወይም አልባኒን እንደሚመርጡ፣ ስለዚህ አንዲት ሴት ወደ ኮቨንትሪ ከመጣች አሰልጣኟ ለምን እንዳመጣት መጠየቅ እንደሚገባ ጠቆሙ።

5ኛ። ከዚህ በኋላ ውይይቱ ሞቀ። አምስተኛው ወንድማችን በ5 ፉርሎንግ ውድድሮች ምንም ማጥናት አያስፈልግም፣ ከአሜሪካ የመጣውን የአሰልጣኝ ዌስሊ ዋርድን ፈረስ መያዝ ብቻ ይበቃል ሲል ጻፈ። ማስረጃም አቀረበ፦ በ2009 ስትራይክ ዘ ታይገር ዊንዘር ካስል የተባለውን ሌላ የሁለት ዓመት ፈረሶች ውድድር በ33 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በዚያው ሳምንት ጄለስ አጌን ኩዊን ሜሪን ወሰደች፤ ኖ ኔይ ኔቨር በ2013 ኖርፎክን አሸነፈ፤ አካፑልኮ በ2015፣ ሌዲ ኦሬሊያ በ2016፣ ካምፓኔል በ2020 ኩዊን ሜሪን ደጋገሙ። የሌዲ ኦሬሊያ ድል በሰባት ርዝመት ነበር፤ ያን ቀን ያየ ሰው እንደማይረሳው ጻፈ፤ እኔም አልረሳሁትም። ምክንያቱንም አስረዳ፦ የአሜሪካ ፈረሶች ከበሩ ሲወጡ እንደ ጥይት እንዲፈተለኩ ይሠለጥናሉ፤ በኬንታኪው ኪንላንድ ሜዳ የሁለት ዓመት ፈረሶች ገና በኤፕሪል በአራት ተኩል ፉርሎንግ ይወዳደራሉ፤ እንግሊዝ አገር ያሉት እኩዮቻቸው ግን በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ ገና ከጋጣ አልወጡም።

6ኛ። ስድስተኛው መላሽ ይህን በቁጣ ተቃወመ። የ2009ን ዋጋ ዛሬ የሚሰጠው ሰው እንደሌለ፣ ያኔ 33 ለ 1 የተሰጠው ማንም ስላላወቀ መሆኑን፣ ዛሬ ግን የዚያ አሰልጣኝ ስም ሲጠራ ብቻ አወራራጆች ዋጋውን እንደሚቆርጡት ጽፎ፣ የአምስተኛውን ሐሳብ የትናንት ጋዜጣ ይዞ ገበያ ከመሄድ ጋር አመሳሰለው። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም ነጥቡ ትክክል ነው፤ የዚህ ክር ዋና ሐሳብም እሱ ነው። አምስተኛው የጠቀሳቸው ድሎች ሁሉ እውነት ናቸው፤ እውነት መሆናቸውን ሁሉም ሰው ካወቀ በኋላ ግን በዋጋው ውስጥ ገብተው ይቀበራሉ። ስለ አየርላንዳዊው አሰልጣኝ ኤይደን ኦብራየንም እንዲሁ ማለት ይቻላል፦ ከ1997ቱ ሃርበር ማስተር እስከ 2025ቱ ግስታድ ድረስ 11 ጊዜ ኮቨንትሪን አሸንፏል፤ ነገር ግን ከእሱ ጋጣ የመጣ ፈረስ በለጋስ ዋጋ የሚገኝበት ቀን እምብዛም ነው።

7ኛ። አንድ መላሽ ንግግሩን ለማብረድ ፈልገው መሰለኝ፣ ኢች ዌይ ስለሚባለው ውርርድ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ገንዘቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ፈረሱ እንዲያሸንፍ፣ ግማሹ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ እንዲሆን ይያዛል፤ ለደረጃው የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ የዋጋው አንድ አምስተኛ ነው። በ20 ለ 1 ፈረስ ላይ 5 እና 5 ፓውንድ ያስያዘ ሰው ፈረሱ ሦስተኛ ቢወጣ 25 ፓውንድ ተቀብሎ 15 ያተርፋል። በ5 ለ 1 ፈረስ ላይ ግን ያው ሰው ያው ደረጃ ቢገኝለት የሚመለስለት ያስያዘው 10 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ከደረጃ ውጪ ከሆነ ግን ሁሉንም ያጣል። ስለዚህ ዋጋው አጭር በሆነ ፈረስ ላይ ኢች ዌይ መያዝ ለጥንቃቄ ቢመስልም ጥቅሙ ትንሽ መሆኑን አሳዩ። ብዙ ጊዜ ሃያ ያህል ፈረሶች በሚሮጡበት ኮቨንትሪ አንዳንድ አወራራጆች አራተኛንና አምስተኛንም ስለሚከፍሉ፣ ገንዘብ ከማስያዝ በፊት የእያንዳንዱን ቤት ውል ማየት እንደሚያስፈልግም አከሉ።

8ኛ። እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንድ አባት የሁለት ዓመት ፈረስ መጋለቡ ራሱ እንደሚያሳዝናቸው ጻፉ። በተወለዱበት አገር አባታቸው ፈረስ አራት ዓመት ሳይሞላው ኮርቻ እንደማይጭኑበት፣ ልጓም እንኳ የሚያለማምዱት ቀስ በቀስ እንደነበረ አስታወሱ። ከዚያም ጃን ሜዳ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይደረግ የነበረውን እሽቅድምድም፣ የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያሳዩትን ትርኢት፣ የነገሥታቱንም የፈረስ ስም፣ የዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ የዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ የዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን አባ ጠቅል አነሱ። እኛ ዘንድ ፈረስ ለጌታው ስም ይሆናል፤ እዚህ ግን ፈረሱ ቁጥር ሆኗል ብለው አዘኑ። ከርእሱ ቢወጡም ማንም አልተቃወማቸውም፤ እኔም ደስ ብሎኝ አነበብሁት።

9ኛ። በኒውማርኬት በአንድ ጋጣ ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ለእኚህ አባት በአክብሮት መለሰ። የወጣት ፈረስ አጥንት በልክ ከሠራ እንደሚጠነክር፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከልክ ሲያልፍ መሆኑን፣ ጥሩ አሰልጣኝም ፈረሱ ካልበሰለ ለአስኮት እንደማያስቸኩለው ከሥራው ልምድ አስረዳ። ከዚያ ለተወራራጆች ያካፈለውን እዚህ በዝርዝር መያዝ እፈልጋለሁ፤ ከቴሌቪዥን የማይገኝ ነገር ነውና። ፈረሶቹ ወደ ዋናው ማሳያ ክብ ከመግባታቸው በፊት ኮርቻ በሚጫንባቸው ቦታ ቆሞ የሚያየው መጀመሪያ አንገታቸውን ነው። ሞቃት ቀን ላይ ትንሽ ላብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በኋላ እግሮቹ መካከል ነጭ አረፋ የሠራ፣ ጭራውን የሚወረውር፣ ሳቢው ሁለት እጁን ተጠቅሞ የሚይዘው ፈረስ ውድድሩን እዚያው ጨርሶታል። ባለፈው ጊዜ አንድ ዳማ ፈረስ ከንጉሣውያኑ ሠረገሎች ሰልፍ የመጣውን ሙዚቃ ሰምቶ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጣብቆ ሲንቀጠቀጥ፣ ከጎኑ ያለው መጋላ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላ ሰኮናው የፊቱን ዱካ እያለፈ በረጅም እርምጃ ሲሄድ ማየቱን ነገረን። ሁለተኛው ምን ያህል ሕዝብ እንዳለ እንኳ ያወቀ አይመስልም ነበር። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ትንሽ ሜዳ ላይ ያሸነፈ ልጅ ፈረስ፣ በአስኮት የሚጠብቀውን ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ ማስታወስ ይገባል።

ይህን መልስ ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር ጨመርሁ። ከዋተርሉ በባቡር ወደ አስኮት ስሄድ በመንገድ ላይ ገንዘቤን በስልክ አስይዤ እጨርስ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ፈረሱን በዓይኔ ሳላይ አላስይዝም። ጠዋት የተገኘው ዋጋ ሊያመልጠኝ ይችላል፤ ቢሆንም ነጭ አረፋ የሠራ ፈረስ ላይ ከመያዝ ይሻላል።

10ኛ። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ አንድ ሰው ገብቶ በቴሌግራም ቻናል ጥቆማ እንደሚሸጥ፣ በወር ክፍያ የአስኮትን አሸናፊዎች አስቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ ባለፈው ዓመትም ደጋግሞ እንዳሸነፈ አስታወቀ። እኛን ደግሞ ወሬ ብቻ እንደምናበዛ ሊያሳየን ሞከረ።

11ኛ። ሁለተኛውን መልስ የጻፈችው እኅት ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ለስላሳነቷ አልነበረም። አሸናፊዎቹን ብቻ ሳይሆን የሰጣቸውን ጥቆማዎች በሙሉ፣ ከሰጠበት ሰዓትና በዚያ ሰዓት ከነበረው ዋጋ ጋር እንዲያወጣ ጠየቀችው። ለሃያ ሰው ሃያ የተለያዩ ፈረሶች የሚልክ ሰው ሁልጊዜ አንድ ደስተኛ ደንበኛ እንደሚኖረው፣ አሥራ ዘጠኙ ደግሞ ሳይናገሩ እንደሚሄዱ በሒሳብ አሳየች። ጥቆማውን ከላከ በኋላ ዋጋው ከ10 ለ 1 ወደ 5 ለ 1 ከወረደ፣ የእሱ መዝገብ 10 ለ 1 እያለ ተከታዮቹ የሚያገኙት 5 ለ 1 መሆኑንም ጨመረች። ሰውየው መዝገብ አላመጣም፤ ስድብ አመጣ። ስድቡ ተሰርዟል፤ እኔም መሰረዙን ደግፌአለሁ።

12ኛ። ቀጥሎ የመጣው መልስ ከሁሉም የከበደ ነበር። አንዲት እኅት ወንድሟ በውርርድ ምክንያት የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ከቤት እንደወጣ፣ እንዲህ ያለ ክር መክፈትም ሌሎችን ወደዚያው ገደል መጥራት እንደሆነ በቀጥታ እኔን ወቅሳ ጻፈች። ስድስተኛው መላሽ ትልቅ ሰው ለራሱ ያውቃል ብሎ ሊመልስላት ሞከረ፤ እሷም በመረረ ቃል መለሰችለት።

እኔ ለእሷ የመለስሁት እንዲህ ነው። ወቀሳዋን ተቀብያለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኩዊን ሜሪ ውድድር ላይ፣ በሦስት ሰዎች አፍ የተመሰከረላት አንዲት ፈረስ ላይ ለልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ያስቀመጥሁትን ገንዘብ አስይዤ ነበር። ፈረሲቱ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆነች። ዋጋዋን ያን ቀን አልጠየቅሁም፤ ዛሬ ሳስበው ዋጋዋ በጠዋት ከነበረው በግማሽ ወርዶ ነበር። ለባለቤቴ የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ወንድሟን ከእኔ የተለየ ሰው አድርጌ አላየውም። በእንግሊዝ ከ2020 ኤፕሪል ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መወራረድ እንደተከለከለ፣ ጋምስቶፕ በተባለው አገልግሎት የተመዘገበ ሰውም ፈቃድ ባላቸው የኦንላይን አወራራጆች ሁሉ ዘንድ ራሱን ማገድ እንደሚችል ጽፌላታለሁ፤ ምዝገባው በነፃ ነው፣ መመዝገብ ያለበት ግን ራሱ ባለጉዳዩ ነው። ለወንድሟ አሳይታው እንደተመዘገበ ኋላ በአጭሩ ነገረችን።

13ኛ። ሌላው መላሽ ስለ መነሻ በር ዕጣ ጻፉ። በሰፊው ቀጥተኛ ጎዳና ላይ ሃያ ፈረሶች ሲሮጡ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ በተመልካቾቹ መቀመጫ በኩል፣ ግማሹ በማዶ። ፍጥነት የሚሰጠው ፈረስ ያለበት ቡድን ይጠቀማል። የትኛው ጎን እንደሚሻል ከሳምንቱ በፊት መናገር እንደማይቻል፣ ማክሰኞ የሮጡትን ሁሉ አይቶ ረቡዕና ሐሙስ መፍረድ እንደሚቻል አሳሰቡ። አጭር ቢሆንም ጠቃሚ ነው።

14ኛ። የመጨረሻው መልስ የተጻፈው ሐሙስ ምሽት፣ ከኖርፎክ በኋላ ነው። ጸሐፊው በሦስተኛው መልስ ስለ 150 ለ 1 የጠየቀው ወጣት ነው። ክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ የአንድን ፈረስ ሰዓት ራሱ አነጻጽሮ፣ በ8 ለ 1 እንደሚያዋጣው፣ ከ6 ለ 1 በታች ከወረደ ግን እንደሚተወው በወረቀት ጽፎ ሜዳ ገባ። ፈረሱን በማሳያው ክብ አየው፤ አንገቱ ደረቅ፣ እርምጃው ረጅም ነበር። አወራራጆቹ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ግን ዋጋው 4 ለ 1 ሆኖ ጠበቀው። 20 ፓውንዱን በእጁ ይዞ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኪሱ መለሰው። ፈረሱ አሸነፈ።

ተሳስቼ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። አምስተኛው ወንድማችን እጁ ላይ የነበረውን 80 ፓውንድ ትርፍ እንደጣለ ነገረው። ስድስተኛው መላሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ፣ አልተሳሳትህም አለው። እኔም ከስድስተኛው ጋር ነኝ፤ የሚቀጥለው የዓርቡ አልባኒ ስለሆነ፣ ወረቀቱን አውጥቶ የሚቀጥለውን ፈረስና የሚቀጥለውን ዋጋ እንዲጽፍበት ነገርሁት።